አርባ ሦስቱ የማን ልጅ ነው?

«እማማ፣ ይሄ ወረቀት ምን ይላል?»

ዋናው መሐንዲስ ይህን የጠየቁኝ በማድረቂያው አዳራሽ፣ ከትልቁ ማራገቢያ ፊት ለፊት፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሠራተኛ ሁሉ ተሰብስቦ በቆመበት ነው። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ይዘውታል። ልጄ ከጎናቸው ቆሟል። እኔ ባልዲዬን እንኳ ከእጄ አላወረድኩም ነበር።

በዚያ የካርቶን ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጌያለሁ። ማንበብ እንደማልችል ከልጄ በቀር አንድም ሰው አያውቅም ነበር። ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ፣ እስቲ አንብቡልኝ» እል ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ስለዚህ ገመትኩ። ልጄ ከማራገቢያው አጠገብ አንድ ወረቀት ለጥፎ ነበር፤ ምን እንደሚልም በቃሉ ነግሮኛል። መሐንዲሱ የያዙት ያንን ወረቀት መሰለኝ።

«‹አትንኩ› ይላል» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከዚያ ከኋላ አንዱ አፉን ይዞ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ዋናው መሐንዲስ ወረቀቱን ወደ ሠራተኛው አዞሩት። የሻወር ተራ ዝርዝር ነበር። ሰኞ ወንዶች፣ ማክሰኞ ሴቶች።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ወደ ልጄ ዞሩ። «ምልክትህን የምትጠብቅልህ እንግዲህ እሷ ናት።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ታዲያ እማማ፣ ማግኔቱን ነክተዋል ወይስ አልነኩም?»

አፌ አልከፈት አለኝ። ልጄ መሬት መሬቱን ያያል።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ልናገር።

ልጄ በዚያው ፋብሪካ የማሽን ንዝረት የሚለካ ባለሙያ ነበር። ማሽኖቹን ዘይትና ግራሶ የሚቀባው፣ እኛም «ግራሶ» ብለን የምንጠራው ሠራተኛ፣ «የብረት ሐኪም» የሚል ስም አወጣለት። «እታለም፣ ልጅሽ መጣ! ማራገቢያው ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ፣ መርፌ ይውጋልን» እያለ ያስቀኛል። ልጄ ዘንጉ የሚያርፍበት ኩሽኔታ ላይ አውራ ጣት የምታክል ሴንሰር ይለጥፋል፤ ከሥሯ ማግኔት አላት። የብረቱን መንቀጥቀጥ እየሰማች ወደ ኮምፒዩተሩ ትልካለች።

አንድ እሑድ ቀን እቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ኮምፒዩተሩን ይዞ መጣ።

«እማ፣ ሽንኩርቱን ተይውና እዪ። ማራገቢያው በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ ይዞራል። ከጎኑ ያለው የውሃ ፓምፕ አሥራ ስምንት ጊዜ። ሁለቱ ሲደመሩ?»

«አርባ ሦስት። ምነው፣ ፈተና ነው?»

«ከግድግዳው ወዲያ ያለው የካርቶን መቁረጫ ደግሞ በሰከንድ አርባ ሦስት ጊዜ ይዞራል። በራሱ። አየሽ ጉዱን?»

«ምንም አላየሁም።»

ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በተለመደው ልኬት ንዝረቱ በየቁጥሩ ይለያል፤ ሃያ አምስቱ ይህን ያህል ይጮኻል፣ አሥራ ስምንቱ ይህን ያህል፣ አርባ ሦስቱ ይህን ያህል ይባላል። ከየት እንደመጣ ግን አይነገርም። ማራገቢያው ላይ አርባ ሦስት ሲታይ ሁሉም «መቁረጫው ነው፣ በወለሉ በኩል የመጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

«ምናልባት እውነት የጎረቤት ልጅ ነው» አለኝ። «ምናልባት ደግሞ እዚሁ ቤት ውስጥ ከሃያ አምስቱና ከአሥራ ስምንቱ የተወለደ ነው።»

«ብረት ይወልዳል እንዴ?»

«ጤነኛ ብረት አይወልድም። ሁለት መንቀጥቀጥ ቢመጣበት ሁለቱንም እንዳሉ ያሳልፋቸዋል። እጥፍ ብትገፊው እጥፍ ይሄዳል፣ አለቀ። የተሰነጠቀ ዘንግ ግን ሲዞር ስንጥቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲዘጋ ጠንካራ፣ ሲከፈት ልል ይሆናል። ያኔ ሁለቱ ይቀላቀሉና ሦስተኛ ይመጣል።»

«ታዲያ የማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? በመልኩ?»

«በመልኩማ አይታወቅም፣ ሁለቱም አርባ ሦስት ናቸው። በአረማመዱ ነው።» ሽንኩርቱን ገፋ አድርጎ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «ሴንሰሯ የቀዳችውን ንዝረት መቶ ቦታ፣ ሁለት መቶ ቦታ እቆርጠዋለሁ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ሦስቱን አንድ ላይ አያቸዋለሁ። አርባ ሦስቱ እንግዳ ከሆነ እርምጃው አንዴ ከነሱ ጋር ይገጥማል፣ አንዴ ይስታል፤ ሲደመር እርስ በርሱ ተጣፍቶ ባዶ ይሆናል። ልጃቸው ከሆነ ግን በሁሉም ቁራጭ ላይ እርምጃው የነሱ ድምር ነው። አይስትም።»

የስሌቱን ስም ባይስፔክትረም ብሎኛል። ለኔ ግን የዘር ፍለጋ ነው። ሥዕሉን አሳየኝ፤ ጥቁር አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ። ከነጥቧ በቀር ምንም የለበትም።

«የቤቱ ልጅ ነው እማ» አለኝ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

ሰኞ ጠዋት ለዋናው መሐንዲስ አመለከተ። ማራገቢያው ሦስት ቀን ይቁም፣ ዘንጉ ወጥቶ ይታይ አለ። ችግሩ፣ ዋናው ከሁለት ወር በፊት ዘንጉ ተፈትሿል፣ ጤነኛ ነው ብለው ፈርመው ነበር። ዘንጉን ያየው ሰው አልነበረም። ክዳኑን የሚከፍተው ግራሶ ነው፤ «ክፈት ያለኝ የለም» ብሎ ነግሮኛል።

ዋናው ሞኝ አይደሉም፣ ሙያውን ያውቁታል። «ማግኔቱ ቀለም ወይም ቆሻሻ ላይ ከተቀመጠ ይንገጫገጫል» አሉት። «የሚንገጫገጭ ማግኔትም ይወልዳል። ያንተ አርባ ሦስት የተወለደው ዘንጉ ውስጥ ሳይሆን ማግኔቱ ሥር ነው።»

«ቀለሙን ፍቄ በባዶ ብረት ላይ ነው የለጠፍኩት» አለ ልጄ። «ማንም ካልነካው ያሉት ሊሆን አይችልም። ካላመኑኝ ደግሜ ልለካ።»

«እዚያ አካባቢ የሚያጸዳው ማነው?» አሉ።

ክርክራቸው እስከ ረቡዕ ዘለቀ፤ ረቡዕ ጠዋት በሠራተኛው ፊት የተጠራሁት ለዚህ ነበር። አልነካኋትም። በሴንሰሯ ዙሪያ በትንሽ ብሩሽ ነበር የምጠርገው፤ ከጨቅላ ጎን የተኛ ሰው እንደሚጠነቀቅ ተጠንቅቄላታለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ ግን የማላውቅ፣ የማልረባ መሆኔን ራሴው አምኜ ቆሜያለሁ። ዋናው ወረቀቱን አጣጥፈው «በሉ፣ ወደ ሥራችሁ» ብለው በተኑን።

ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ወንበር ሳቡልኝ። ያንን ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወልውዬዋለሁ፤ ተቀምጬበት አላውቅም። ውሃ ቀዱልኝ።

«እናቴ፣ የጠዋቱን ይርሱት። ልጅዎ ጎበዝ ነው። ደግሜ ልለካ ብሎኛል፣ እኔም ልፈቅድለት እፈልጋለሁ። ግን የመጀመሪያው ልኬት ደህና ከሆነ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ ይሉኛል የበላዮቼ። የመጀመሪያው ተበላሽቷል የሚል ሰው ቢኖር ግን ነገ ጠዋት ይለካል።»

«እኔ አልነካሁም፣ ጌታዬ።» አሁን አፌ ተከፈተ። የሚሰማኝ እሳቸው ብቻ በሆኑበት።

«አውቃለሁ። ቢነኩስ ምን አለበት? ሥራዎ ጽዳት ነው። እርስዎ ላይ ምንም አይመጣም፣ እሱም ላይ ምንም አይመጣም። ካልሆነ ግን ያለ ማስረጃ ፋብሪካ ሊያስቆም ነበር ተብሎ ይባረራል። እናት ነዎት። ያስቡት።»

አሰብኩ። ልጄ ነገ ከለካ እውነቱ ራሱ ይወጣል፤ ውሸቴ ከአንድ ቀን በላይ አያድርም አልኩ። በልጅ የመጣ ነገር ሆድ ያባባል፣ ራስንም ያዞራል። እሺ አልኩ።

ዋናው ጻፉ። ከዚያ እንድከተላቸው ጣታቸውን በየቃሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡልኝ። «‹ስወለውል ማግኔቱን ሳላውቅ ከቦታው አንቀሳቅሼ መልሼ አስቀምጫለሁ።›» ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ። ከሥር አንዲት አጭር መስመር ቀርታለች። አየኋት። ቀን መሆን አለበት አልኩ፤ ለመጠየቅ ደግሞ ፈራሁ። የጣት አሻራ ቀለም ያለባትን ቆርቆሮ ከፍተው ገፋ አደረጉልኝና አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

ስወጣ ግራሶ ማራገቢያው ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሣ።

«እታለም፣ ጠዋት ሳቄ አምልጦኝ ነው። አትቀየሚኝ። እኔም ብሆን ከግድግዳው የማነበው የሻወሩን ተራ ብቻ ነው፤ እሱንም የሴቶቹን ቀን።»

«ሂድ ወዲያ፣ ባለጌ።»

«የምሬን ግን ንገሪኝ። ከዚህ አውሬ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ የምውለው እኔ ነኝ። ልጅሽ ተሰንጥቋል ካለ ጀምሮ አልተጠጋሁትም፤ በረጅሙ ቱቦ ከሩቅ ነው የምቀባው፣ ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል። ሴንሰሯን ነክተሻታል?»

ቀና ብዬ የቢሮውን መስኮት አየሁ። ዋናው ቆመዋል።

«ነክቻታለሁ» አልኩት።

«ተመስገን!» አለ ግራሶ። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። ረጅሙን ቱቦ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ሲያስቀምጠው አየሁት።

በማግስቱ ባልዲዬን ስሞላ ልጄ መጣ። የመግቢያ ካርዱ ከደረቱ ላይ የለም። የስንብት ደብዳቤውንና የኔን ወረቀት ቅጂ ይዟል።

«አንቺ ነሽ የፈረምሽው?»

«ደግመህ እንድትለካ ነው፣ ልጄ። ነገ ይለካል ብለውኝ ነው።»

«የመጨረሻዋን መስመር ላንብብልሽ?» አነበበልኝ። «‹ልጄም ይህን ያውቅ ነበር።›»

ውሃው ከባልዲው ሞልቶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ቧንቧውን የዘጋው እሱ ነው።

«ይሄን ብለሻል?»

«አላነበቡልኝም።»

«ከሥሩ ያለው የማን ጣት ነው?»

«የኔ።»

«የተበላሸ መሆኑን እያወቀ ፋብሪካ ሊያስቆም ሞከረ፣ ይላል ደብዳቤው። እማ፣ ትናንት ሁሉም ፊት ሲጠይቁሽ አንድ ቃል ነበር ካንቺ የምፈልገው። ‹አልነካሁም።› እሱን ለማለት ፊደል አያስፈልግም ነበር።»

ወደ ዋናው ሮጥኩ። ውሸት ነው፣ ይቅደዱልኝ ብዬ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። «እማማ፣ ወረቀት አንዴ ከተፈረመ የኔም አይደለም፣ የርስዎም አይደለም» አሉኝና በሩን ከፈቱልኝ።

ወደ ግራሶ ሄድኩ። ኩሽኔታው ላይ ደረቱን አስደግፎ እየቀባ ነበር።

«ስማኝ፣ አልነካኋትም። የትናንቱን ተወው። አትጠጋው።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዘነልኝ። «እታለም፣ ሰማሁ፣ ልጁን አባረሩት አሉ። እናት ለልጇ የማትለው የላትም። እኔ ግን የትናንቱን ነው የማምነው። ትናንት ልጅሽ ሥራ ላይ ነበር፣ የምትዋሺበት ምክንያት አልነበረሽም።»

«ነበረኝ!»

«እሺ እሺ፣ ነበረሽ። ሂጂ አሁን ፊትሽን ታጠቢ።»

በየቀኑ ነገርኩት። በየቀኑ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በሦስተኛው ቀን ሳቀብኝ፤ በስድስተኛው ተቆጣኝ፤ ከዚያ በኋላ ስመጣ ሲያየኝ ዞር ማለት ጀመረ። እቤት ልጄ ከኔ ጋር አይነጋገርም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ሳህኑን ራሱ ያጥባል።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ኮሪደሩን ስወለውል ወለሉ ከሥሬ ዘለለ። ድምፁ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። አዳራሹ በወረቀት ብናኝ ነጭ ሆኖ ነበር፤ የማራገቢያው ሽፋን እንደ ቆርቆሮ ተተርትሯል፤ ከክንፎቹ አንዱ ግድግዳው ውስጥ ተሰክቷል። ግራሶን ያነሡት በሁለት ሸራ ነው። ብናኙንና ሌላውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። አካባቢው የኔ ነውና።

የተሰበረው ዘንግ ፊቱ ወደ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሁለት ሦስተኛው ዝጎ የጠቆረ፣ ቀሪው እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያብለጨልጭ። የጠቆረው የከረመው ስንጥቅ ነው፤ የሚያብለጨልጨው የዚያን ቀኑ ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ለምርመራ መጡ። ልጄ ሥዕሉንና የቀዳውን ንዝረት ይዞ ቀረበ። ነጭዋን ነጥብ አዩአት። «ልክ ነበርክ» አለው አንደኛው። ሴትየዋ ግን የኔን ወረቀት አወጣች። ልኬቱ ተበላሽቷል ተብሎ እየተፈረመ ዋናው መሐንዲስ ማራገቢያውን በምን ማስረጃ ያቁሙ? ብላ ጠየቀች። እኔን አስገቡኝ።

«አልነካሁም» አልኳቸው። በዚህ ጊዜ ጮክ ብዬ ነው።

«ነክቻለሁ ብለው ፈርመዋል። ያን ጊዜ ነው የዋሹት ወይስ አሁን?»

«ያን ጊዜ።»

«ከዋሹ ታዲያ አሁን ለምን እናምንዎታለን?»

የአደጋው ምክንያት የማስጠንቀቂያ ምልክት ማንበብ የማትችል የጽዳት ሠራተኛ የመለኪያ መሣሪያ በመንካቷ ነው ተብሎ ተጻፈ። ልትባረር ይገባል ሲባል ዋናው መሐንዲስ ተነሡ። «ችግረኛ ናት። ልጇም ሥራ የለውም። እባካችሁ፣ ለኔ ስትሉ ትቆይ» አሉ። ሴትየዋ ደግነታቸውን አመሰገነች። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። እጅ መንሳቴን ልጄ አየ።

የግራሶ ሚስት የባሏን ልብስ ልትወስድ ስትመጣ በር ላይ አገኘችኝ። ያረጀ ቱታውን በክንዷ ይዛለች።

«ባሌ ያንቺን ቃል አምኖ ነው የተጠጋው አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«የትኛው ጣትሽ ነው?»

ቀኝ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። አውራ ጣቴን ብዙ አየችው። ከዚያ ቱታውን አቅፋ ሄደች።

ልጄ በማግስቱ ለመንገድ ተነሣ። ጠዋት ሸሚዞቹን አጥቤ አስጥቼለት ነበር፤ እስኪደርቁ አልጠበቀም። እርጥቦቹን ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቆ ከቦርሳው ጋር ያዛቸው።

«ይሸቱብሃል ልጄ፣ አንድ ሰዓት ጠብቅ።»

«ይሽተቱ።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«ሥራ ወዳለበት።»

«ስትደርስ ጻፍልኝ።»

በሩ ላይ ቆሞ ዞር አለ። በልጅነቱ ሲታመም የሚያሳየኝ ዓይነት ፊት ነበረው። «ማን ሊያነብልሽ?» አለኝና ደረጃውን ወረደ።

ከወር በኋላ ማንበብ የማይችሉ ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ በምግብ አዳራሹ እንዲማሩ ታዘዘ። ሰባት ነበርን፣ ሁላችንም ሴቶች። መክፈቻው ላይ ዋናው መሐንዲስ ንግግር አደረጉ፤ ፊደል አለማወቅ ሰው እንደሚገድል ዓይተናል አሉ። የስድስቱም ፊት ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። አስተማሪዋ በሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የጻፈችልን «አትንኩ» የሚለውን ነው። ሃያ ጊዜ ጻፍኩት። አሥራ አንደኛው ላይ መስመር ስቼ ነበርና እንደገና አስጻፈችኝ።

አሁን አነባለሁ። ማስታወቂያም፣ ጋዜጣም፣ የስንብት ደብዳቤውንም፤ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር የሄደው። ከሱ የመጣ የማነበው ነገር ግን የለም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው በሌላ ከተማ አንድ ግድብ ላይ ሲሠራ አየሁት አለኝ። ማን እንዳየው፣ የትኛው ግድብ እንደሆነ ብጠይቀው አላስታውስም አለ።

የግራሶ ሚስት ልጆቿን ይዛ ከሠራተኛው ሰፈር ለቀቀች። ልጄ ሄደ። ዋናው መሐንዲስ ቀሩ፤ አዲሱን ማራገቢያ ያንኑ የልጄን ልኬት በየሳምንቱ ያስለኩታል። እኔም ቀረሁ፤ በዙሪያው የምጠርገው እኔ ነኝ።